ያለፈውን ሳምንት ያላነበብኩበት ገበያ

ስሙኝማ። የያዛችሁትን አስቀምጡና ይቺን ስሙ፣ ከዚያ ወደ ስልካችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ በሃያ ሰባት ዓመቴ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አትሳቁ። ጡረታ ማለት ሽበት ብቻ መሰላችሁ? ደብዳቤው እጄ ላይ አለ። «እስካሁን ላበረከቱት አገልግሎት እናመሰግናለን» ይላል፤ ማህተም አለው፣ ማህተሙ ጠማማ ነው። አሁን ጭሮ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማይ ሠራተኛ ነበርኩ። ዝናብ እለካለሁ፣ የሚመጣውን ሳምንት የአየር ጠባይ ደግሞ ገበያ መሀል ቆሜ ለገበሬው አነባለሁ። ከስድስቱ ዓመት አንዲት ሳምንት አለች፣ እስካሁን ማመን ያቃተኝ። ተራ ይዤ ተሳፋሪ ስጠብቅ ትዝ ስትለኝ አፌ ተከፍቶ ይቀራል።

ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር እሱም አልፈለገኝም። ገለምሶ መናኸሪያ የሚኒባስ ረዳት ሆንኩ። «ጭሮ ጭሮ ጭሮ! ሁለት ሰው የቀረው!» ስል ማዶ ተቀምጣ ጫት የምታስር ሴትዮ ጆሮዋን ትይዛለች። ሁለት ሰው አይደለም የቀረው፣ ስምንት ነው፤ ግን ስምንት ካልክ ማን ይገባል? አንድ ቀን በደሳ የሚወርድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ይሄ አፍ እዚህ እየባከነ ነው» አለኝ። የአየር ጠባይ መረጃ የሚያሰራጭ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። በገበያ ቀን ሜጋፎን ይዞ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያነብ ልጅ ይፈልጉ ነበር። አበሉ እንኳን ይቅር፣ አይወራም። ግን ፎቶዬ ያለበት መታወቂያ ሰጡኝ። እናቴ መታወቂያውን ይዛ ስንት ጎረቤት እንደዞረች።

የመጀመሪያ ዓመቴ በደሳ ነበር። ወረቀቱ ከጭሮ በስልክ ይላካል፣ እኛ እናሳትመዋለን። ሁለት ክፍል አለው። ላይኛው ባለፈው ሳምንት የት ምን ያህል እንደዘነበ ይናገራል፣ ታችኛው የሚመጣውን ሳምንት ይናገራል። ቋንቋው ግን! «ከመደበኛ ጋር የተቀራረበና አልፎ አልፎ ከመደበኛ በላይ የሆነ ዝናብ ሊኖር የሚችልበት አጋጣሚ ከፍተኛ ነው።» ይቺን በሜጋፎን ለቀቅኳት። አንድ ጫት ነጋዴ አይሱዙው ላይ እንደተሰቀለ ጮኸብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

«ሊኖር የሚችልበት አጋጣሚ…»

«አቦ! ሸራ ልግዛ ወይስ አልግዛ?»

«ግዛ!»

ገዛ። ዘነበ። በደሳ ውስጥ ስሜ ጃፈር መሆኑ ቀረና ሸራ ሆንኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ከኔ የሚፈልገው ወረቀት አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ እንድነግረው ነው። ደስ ይላል። ያስፈራልም። እኔ ግን ያኔ ደስታው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

በሁለተኛው ዓመት መቻራ ላኩኝ። ኦቦ ዩያን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸው ሁሌ ንጹሕ፤ ከኔ ዕድሜ በላይ ዝናብ የለኩ ሰው። መለኪያው እንጨት ላይ የታሰረ የቆርቆሮ ቱቦ ነው፣ አፉ ላይ ዝናቡን ወደ ውስጥ የሚያወርድ ማንቆርቆሪያ አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ። «ለዚህ ነው ሰው የሚቀጠረው?» አልኳቸው።

«ለዚህ አይደለም» አሉኝ። «በየቀኑ ለመምጣት ነው።»

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሁለት ከሃምሳ አይደለም፣ ሦስት ከአምስት አይደለም። ሌላው ሰው በጠዋት ጫቱን ሲጀምር እሳቸው ሳይለኩ ቅጠል አፋቸው አይገባም፤ «ምርቃና ሮባ ይጨምራል» ይላሉ፣ ሮባ ማለት ዝናብ ነው። መጀመሪያ የመስታወቱን ብልቃጥ በራሳቸው ፎጣ ይወለውላሉ። ከቱቦው ውሃውን ይገለብጣሉ፣ አንድ ጠብታ ሳትቀር። ከዚያ ብልቃጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸው መሬት ነክቶ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ጋር እኩል ያደርጋሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ብልቃጡን አንስቼ ወደ ዓይኔ ሳቀርብ እጄን በጥፊ መቱኝ።

«አንተ ወደ ውሃው ውረድ እንጂ ውሃው ወዳንተ አይመጣም። ስታነሣው ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝ የፈለግከውን ታነባለህ።»

ቁጥሩን ሳይጽፉ አይናገሩም። ከተሳሳቱ አይፍቁም፣ ሰርዘው ከጎኑ ይፈርማሉ። ቱቦው አጠገብ አንድ ጎረቤት ጫት ተከለ፤ ጫቱ ሲያድግ ዝናቡን ይጋርዳል ብለው ሰውየውን አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም እያሉ ለመኑት፣ እስኪነቅለው።

አንድ ቀን ደግሞ ዶፍ ወርዶ ባደረበት ጠዋት ሄደን ስናይ ቱቦው ባዶ። ደረቅ! አንዱ ደፍቶታል። በኋላ እንደሰማነው «ዝናብ የለም ተብሎ ከተጻፈ እርዳታ ይመጣል» ብሎ ነው። እኔ «ኦቦ ዩያ፣ ዝናቡን እኮ አይተነዋል፣ ገምተን እንጻፈው» አልኩ።

«ስንት ብለህ?»

«ብዙ!»

ሳቁ። መዝገቡ ላይ «ተነክቷል» ብለው ጻፉና የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተዉት። ከጭሮ ተደወለ፣ ቁጥር ይሙሉ ተባሉ፣ እንቢ አሉ። «ያላየሁትን አልጽፍም፣ ባዶ ቦታ ነውር አይደለም» ብለው ስልኩን ዘጉት። አለቃ ላይ ስልክ ሲዘጋ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ገበያ ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የሚመጣውን ሳምንት ከማንበባቸው በፊት ያለፈውን ያነባሉ። «ወረቀቱ ባለፈው ሳምንት መቻራ ሁለት ቀን ዘነበ ይላል። ዱጋ?» ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። ገበያተኛው «ዱጋ!» ይላል። በሬ የሚያሻሽጠውም ሽንኩርት ሻጯም፣ ሁሉም። ያኔ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ «ዱጋ» ብለው ይጽፉና ወደ ታችኛው ይሄዳሉ። ካልተስማማ ግን አያነቡም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። «ትናንትን ያላወቀ ነገን አይነግረኝም» ይሉኛል። ወረቀቶቹን ሁሉ ቁልፍ ባለው ሣጥን ያስቀምጣሉ። እኔ በሆዴ፣ ሰውዬው ነገር ያበዛሉ እል ነበር።

ዓይናቸውን ሞራ ያዘው። መስመሩን ማየት ሲያቅታቸው ማንም ሳይነግራቸው ብልቃጡን፣ ፎጣውንና የሣጥኑን ቁልፍ ሰጡኝና ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ለኪውም እኔ፣ አንባቢውም እኔ። መለካቱን እንዳስተማሩኝ ለካሁ፤ በዚህ ማንም አይነካኝም። ማንበቡ ላይ ግን አሳጠርኩት። ያለፈውን ማን ይፈልገዋል? ዘንቧል፣ አልቋል፣ ሰው ቸኩሏል፣ የሜጋፎኑ ባትሪም ይሞታል። ለአንድ ዓመት ገደማ ላይኛውን ክፍል ዘልዬ ታችኛውን ብቻ ስጮህ ምንም አልሆነም። ምንም!

የዚያች የመስከረም ሳምንት ወረቀት መጣች። «በሚቀጥለው ሳምንት በአብዛኛው የዞኑ አካባቢ ደረቅና ፀሐያማ ሁኔታ ይኖራል፤ የደረሱ ሰብሎችን ለመሰብሰብ ምቹ ነው።» አሪፍ ወረቀት። ገበያ ላይ ለቀቅኳት። ሜጋፎኑን ሳወርድ አዴ ዘይቱና መጣች። አዴ ዘይቱና ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ማሳ ይዛ አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ማሳዋ ላይ ቦሎቄ ነው ያለው። ቦሎቄ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይነቀልና መሬት ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል፣ ከዚያ ይወቃል። ቆሞ እያለ ዝናብ ቢመጣበት ይችለዋል፤ ነፋስ ያራግፍለታል። ተነቅሎ መሬት ላይ ካገኘው ግን እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ እያለ ይበቅላል። አለቀ። አይበላም፣ ለዘርም አይሆን።

«ጃፈር፣ ያንተ መንግሥት ምን ይላል?» አለችኝ።

«ደረቅ ነው አዴ። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ።»

«ትንሽ ልቆይ ብዬ ነበር።»

«እስከ መቼ ትቆያለሽ? ይፈነዳብሽና ወፍ ይለቅመዋል።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!»

እንዲህ በቀላሉ። ከከንፈሬ እንደ ሱፍ ቅርፊት ተፋሁት። እሷም ሄዳ ለሰኞ ጉዛ ጠራች። ጉዛ ደቦ ነው፤ ጎረቤት በሙሉ ለአንድ ቀን ይመጣል፣ ምሳና ጫት ታቀርባለህ፣ ጨርሰው ይሄዳሉ። ቀኑ አንዴ ከተጠራ አይቀየርም፤ ማግስቱ የሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው ቀን መምረጥ ላይ ሞት የሚሆነው። እኔም ሄጄ ነቀልኩ። ስንቀልድ ዋልን። አንዱ «ሸራ አትገዙም?» ሲለኝ ሁሉም ሳቀ፤ የበደሳው ስሜ እዚያም ደርሶ ኖሯል። ማታውን ማሳው ሙሉ ቦሎቄ ተኝቶ ሳየው እንኳን አደረሰሽ ብያታለሁ።

ማክሰኞ ፀሐይ። ረቡዕ እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትር ሰላት ፀሐይ። አስር ላይ፣ ሰው ለሰላት ሲነሳ፣ በተራራው በኩል የጠቆረ ነገር መጣ። ያልፋል አልኩ። አላለፈም። ጣሪያውን ሲደበድበው እኔ በር ላይ ቆሜ ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ ደግሜ አነበብኳት። ደረቅና ፀሐያማ ትላለች! ውሃው ደፉ ላይ እየፈሰሰ፣ እኔ ወረቀት እያየሁ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ሞልቼ ገለበጥኩ፣ ሦስተኛውም ተጋመሰ። አርብ ደገመ። ቅዳሜ ደገመ።

ልጽፍ መዝገቡን ስከፍት ዓይኔ ከላይ ባለው ሳምንት ላይ አረፈ። በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ ታች። ያን ሳምንት ጠብታ አልነበረም። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የወረቀቷን ላይኛ ክፍል አነበብኩ። «ባለፈው ሳምንት በመቻራ ለሦስት ቀናት ከባድ ዝናብ ተመዝግቧል።» ማን መዘገበው? መቻራ ውስጥ ዝናብ የምመዘግበው እኔ ነኝ! ከኔ ሌላ ማንም የለም! የኦቦ ዩያን ሣጥን ከፈትኩ። የአምናውን መስከረም ፈለግኩ፣ አገኘሁት። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

አንድ ናቸው። ቃል በቃል፣ ሰንጠረዡ፣ ፊርማው፣ ማህተሙ ያረፈበት ቦታ ሳይቀር። ራስጌው ላይ ያለው ቀን ብቻ ነው የተቀየረው። አምና እውነት ነበር፤ ጠርዙ ላይ በኦቦ ዩያ እጅ «ዱጋ» ተብሎ ተጽፏል። ዘንድሮ እኔ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ያነበብኩት የአምናውን ሰማይ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ድንጋዩ ላይ አይደለም፣ ጭቃው ላይ።

አዴ ዘይቱና ማሳ ስደርስ ጎንበስ ብላ አንዱን ቅርፊት በጥፍሯ እየከፈተች ነበር። ፍሬው ነጭ ጭራ አውጥቷል። ሌላ ከፈተች፣ ጭራ። ሌላ። አላለቀሰችም። «ስንቱን ልክፈተው?» አለችኝ። ወረቀቶቹን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስታይ ገባት። ቦሎቄውን በፌስታል ያዘች፣ ሰኞ ጭሮ ወረድን።

የቢሮው ኃላፊ ትልቅ ጠረጴዛ አለው። ወረቀቶቹን አስቀመጥኩለት። አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አልደነገጠም። እኔን የገደለኝ ይሄ ነው፣ አልደነገጠም!

«ባለሙያችን ስልጠና ላይ ነበር» አለ። «ሳምንቱ ባዶ ከሚሆን ብለን ነው። ሪፖርት አለብን፤ አንድ ሳምንት ከጎደለ ከላይ ይጠይቁናል።»

አዴ ዘይቱና አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ማመን ሲያቅታት ግን ወደ ኦሮምኛዋ ትሄዳለች። «ማል ጄዳ?» አለችኝ፣ ምን ነው የሚለው?

«ባዶ እንዳይሆን ብለን ነው ይላል።»

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። «አምና የነበረው ፀሐይ እኔ ማሳ ላይ ምን ይሠራል?»

«እናት፣ ትንበያ ግምት ነው። ትክክለኛውን አላህ ነው የሚያውቀው።»

«አላህማ ያውቃል። አላህ አላወቀም መች አልኩ? አንተ ነህ ያላወቅከው። ለምን አላውቅም አላልክም? አላውቅም ብትል እቆይ ነበር።»

ጸሐፊዋ ሻይ ይምጣላችሁ ወይ አለች። ሻይ!

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ስሳደብ መጣሁ፣ በደሳን እስክናልፍ። የቢሮውን ሰው ዘር ማንዘር ጠራሁ። አዴ ዘይቱና ስትሰማኝ ቆየችና «ያ ሽማግሌ ላይኛውን ያነብልን ነበር» አለች። «አንተ ለምን አላነበብክልንም? ብታነበው እኮ ‹አልዘነበም!› እንልህ ነበር።»

ይሄ አፍ፣ ለገለምሶ መናኸሪያ የተረፈው አፍ፣ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። «ደግሞ ወላሂ አልከኝ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

ኦቦ ዩያ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። «መዝገቡን አንብብልኝ» አሉ። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሦስቱን ቀን አነበብኩ። «ይሄን በትክክል ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያ ገበያ ሂድና ንገራቸው። የእነሱን ጥፋት ብቻ አይደለም፣ ያንተንም።»

በሚቀጥለው ገበያ ሜጋፎኑን ይዤ ወጣሁ። የአምናውንም የዘንድሮውንም አነበብኩ። ከዚያ «እኔ ደግሞ ላይኛውን ዘለልኩት፤ ባልዘለው ኖሮ ያኔውኑ ታውቁት ነበር» አልኩ። መጀመሪያ አንዱ «እንዴ፣ አምናን ነው የሸጥክልን?» ብሎ ሳቀ። ሌላው የጫት ገራባ ወረወረብኝ፣ ደረቴን መታኝ። አላጎነበስኩም። ልክ ነው። ከአዴ ዘይቱና ሌላ ስንቱ በኔ አፍ ነቅሏል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ውሌ ተቋርጧል። ምክንያቱ «የተቋሙን መረጃ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት»። አቤት! የአየር ጠባይ በሜጋፎን እንዳሰራጭ የቀጠሩኝ እኮ እነሱ ናቸው!

አሁን ሌላ መስከረም ነው። አዴ ዘይቱና ከእህቷ ዘር ለምና ዘርታለች፤ ከማሳው ግማሹን ነው የቻለችው። ቱቦው እንጨቱ ላይ እንዳለ ነው፣ የሚለካው ሰው ግን የለም፤ ከመቻራ የሚመጡ ተሳፋሪዎች ፍየል እየታከከበት ነው ይሉኛል። የዚህ ሳምንት ወረቀት ግን ወጥቷል። ስልኬ ላይ አለ፣ የስንት ሰው ስልክ ላይ አለ። «ደረቅና ፀሐያማ» ይላል። ላይኛውን ክፍል ፈለግኩት፣ ያለፈው ሳምንት የሚለውን። የለም። አውጥተውታል! ስህተቱን ያርማሉ ስል፣ ስህተቱ የሚታወቅበትን ቦታ ነው ያጠፉት።

ትናንት አዴ ዘይቱና ደወለችልኝ። እኔ ጭሮ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ መዝገብ የለኝ፣ ብልቃጥ የለኝ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል አለችኝ። ጎረቤቶቿ ቀን ቁረጪ እያሏት ነው። አላውቅም አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል የከበደችኝ የለችም።

እናንተ ወረቀቱን ፈርማችሁ ያወጣችሁ፣ አሁን እናንተን ነው የምጠይቀው። ሴትዮዋ ማሳዋ ዳር ቆማ እየጠበቀች ነው፤ ትንቀል ወይስ ትቆይ? ከመካከላችሁ ሄዶ ዓይኗን እያየ የሚነግራት ማነው?